መጋዘናችን በበዓል ይሞላል፣ በሐምሌ ይራቆታል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከፋሲካ በኋላ ባወጣችሁት እትም ላይ፣ ስለ ማዕድ ማጋራት ከተጻፈው ዜና ጎን፣ አንዲት አሮጊት እናት ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ታቅፈው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ነበረ። በግራና በቀኛቸው ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። ሁሉም ካሜራውን ያያሉ፤ እርሳቸው ብቻ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኚያን እናት አውቃቸዋለሁ። እኔ ስማቸውን አልጠራም፤ ጋዜጣችሁ ግን ጠርቶታል።

የሚኖሩት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። አሮጌው ባቡር በሚሠራበት ዘመን ለመንገደኛ ሻይና ሳምቡሳ እየሸጡ ልጆች አሳድገዋል። ከዚያ ፎቶግራፍ በኋላ ለሁለት ወር ያህል እድራችን ወደሚያስተዳድረው የምግብ መጋዘን ሳይመጡ ቀሩ። በመዝገቤ ላይ የእርሳቸው ረድፍ ባዶ ሆኖ ሲቆይብኝ፣ ታመው ይሆናል ብዬ በሰኔ መጨረሻ ቤታቸው ሄድኩ። አልታመሙም። ጅግጅጋ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ልጅ አላቸው፤ ፎቶግራፉ ከስልክ ወደ ስልክ ዞሮ ደርሶት ኖሮ ደውሎ፣ «እማዬ፣ ደኅና ነኝ ስትይኝ የኖርሽው እንዲህ ሆነሽ ነው?» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንም ምንም ላለመቀበል ምለዋል። «ረኀቡን ለምጄዋለሁ፤ የልጄን ልቅሶ ግን አልቻልኩትም» አሉኝ።

ከግድግዳው ሥር ሦስት የዘይት ጀሪካኖች ተደርድረው አየሁ። ሦስቱም በዚያ በዓል ሰሞን የተሰጧቸው ናቸው፤ ሦስቱም ባዶ ነበሩ። አንደኛው የውኃ መቅጃ ሆኗል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በፎቶግራፉ አዝኜ ብቻ አይደለም። በጣም አዝኛለሁ፤ ነገር ግን ከፎቶግራፉ ይልቅ የተነሣበት ቀን ያሳስበኛል። ያ ዘይት የተሰጣቸው በቅዳም ሹር ነው። በቅዳም ሹር ጎረቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ነጋዴውም፣ መሥሪያ ቤቱም በአንድ ቀን ይሰጣል። በረመዳን የመጨረሻ ሳምንትም እንዲሁ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንቁጣጣሽ ነው፤ ካሜራዎቹ እንደገና ይወጣሉ። ዘንድሮ ከመውጣታቸው በፊት አንድ የመጋዘን ሠራተኛ መዝገቡን ገልጦ የሚናገረውን አንባቢዎቻችሁ ቢሰሙልኝ ብዬ ነው።

የ71 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ጉልምስናዬን በሙሉ በድሬዳዋ ምድር ባቡር የጥገና ክፍል በንብረት ጠባቂነት አሳልፌያለሁ። የባቡሩ ሥራ በፈረንሳይኛ ስለነበር «ማጋዚኒዬ» ይሉን ነበር። ቡሎን፣ ቅባት፣ የፍሬን ዕቃ ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22፣ ቀሪው በቢን ካርድ ይመዘገባል። ዛሬ የምቆጥረው ዱቄትና ምስር ነው፤ ወረቀቱ ግን ያው ነው።

መጋዘኑ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። እድራችን ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቶቹን የሚያስቀምጥበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለው፤ ከሁለቱ አንደኛው ክፍል ነው። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ከውስጥ ሰሌን ደርበንበታል። ጆንያዎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብለው ይደረደራሉ፤ በዚያ በኩል አየርም፣ የእኔም የእጅ ባትሪ ያልፋል። ከሦስት ዓመት በፊት ሐሳቡ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ አንድ የተከበሩ አዛውንት ተነሥተው «እድር ለቀብር ነው፤ ለቀለብ አይደለም» አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበላቸው። እኔም በልቤ ደግፌያቸው ነበር፤ ቡሎን አይነቅዝም፣ እህል ግን ይነቅዛል፤ ኃላፊነቱ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅም ገብቶኛል። ነገሩን የፈቱት የእድሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው። «እንግዲያው የእድሩን ገንዘብ አንንካው። ወርሃዊ መዋጮ ልትከፍሉ ስትመጡ አንድ ጣሳ እህል ይዛችሁ ኑ። ላላመጣ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅ» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ እኚያው አዛውንት ሁለት ጣሳ ማሽላ በፌስታል ይዘው መጡ። ሐሳባቸውን እስከ ዛሬ አልለወጡም፤ ማሽላቸውንም አንድም ወር አላስቀሩም። እንዲህ ያለ ሰው አከብራለሁ።

እድሩ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የያዘ የሰፈር እድር ነው። የሐረር ወዳጆቼ አፎቻ በሚሉት መረዳጃ ማኅበራቸው ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር ሲያስቡ መጥተው ቢን ካርዱን ገልብጠው ሄደዋል፤ በዚህ ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛው የምግብ ምንጫችን ቀፊራ ገበያ ነው፤ ስለ እርሱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። ከሐረማያ፣ ከቀርሳ፣ ከሐረርጌው ኮምቦልቻ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች በየማለዳው ይወርዳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ደጋ ላይ ሁለት ሦስት ቀን የሚቆየው ጎመን እዚህ እስከ ማታ ይጠወልጋል። ይኸው አትክልት በፉርጎ ወደ ጅቡቲ በሚሄድበት ዘመን ባቡሩ ጥቂት ሰዓት ሲዘገይ ምን ያህሉ እንደሚደፋ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁንም ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀፊራ ብትገቡ፣ ጧት በጥሩ ዋጋ የተሸጠው ቲማቲም መሬት ላይ ተቆልሎ ፍየል ሲበላው ታያላችሁ። ከገጠር የመጡት ሴቶች ወደ መንደራቸው የሚመልሳቸው መኪና ሊነሣ ስለሆነ የተረፈውን ተሸክመው መመለስ አይፈልጉም።

በዚያ ሰዓት ሁለት የሰፈራችን ልጆችና አንድ ባጃጅ ነጂ እዚያ ይደርሳሉ። ባጃጅ ነጂው ለዚያች ጉዞ ገንዘብ አይቀበልም፤ «ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያለችው ጉዞ የእናቴ ናት» ይላል፤ እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል። የተሰበሰበው አትክልት በዚያው ምሽት ይለቀማል፣ በዚያው ምሽት ይታደላል፤ ለማግሥቱ አይቀመጥም። እኔ ደግሞ ለእያንዳንዷ ሻጭ ደረሰኝ እጽፋለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ «አባባ፣ ለሁለት ኪሎ ቲማቲም ሞዴል 19?» ብለው ተገርመው ነበር። አንዲት ከቀርሳ የምትመጣ ሻጭ፣ ማንበብ የማትችል፣ የጻፍኩላትን ደረሰኝ ሁሉ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ታኖራለች። አንድ ቀን ፈትታ አሳየችኝ። ቆጠርኳቸው፤ 31 ነበሩ፤ አንዱም አልጠፋም። ወንድ ልጇን በኦሮምኛ አነጋግሬ ለምን እንደምታስቀምጣቸው ጠየቅሁት። «የሰጠችው ነገር የት እንደደረሰ የሚነግራት ወረቀት ከዚህ በፊት አግኝታ አታውቅም» አለኝ። ሰው በእድርም ሆነ በመንግሥት፣ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ በኩል የሚሰጠውን የሚቀንሰው ስስት ስላለበት ብቻ አይመስለኝም። የሰጠው ነገር በመንገድ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ አይቷል።

ስለዚህ በመጋዘናችን በር ላይ በየወሩ አንድ ወረቀት ይለጠፋል፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ። የሰጪ ስም የለበትም፤ የተቀባይ ስምማ ጨርሶ አይጻፍበትም። ተቀባዮቻችን 64 ቤተሰቦች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የምናውቀው እኔና ገንዘብ ያዧ ብቻ ነን። የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የድሆች ድጋፍ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋም ሐረርም ከመጀመሪያዎቹ ነበሩ፤ ከእኛ ሰዎች ውስጥም በእርሱ የተረዱ አሉ። ወደ እኛ የሚመጡት በዝርዝሩ ላይ ሳይገቡ የቀሩት፣ ከዝርዝሩ የወጡት፣ ወይም በወሩ መካከል ድንገት የወደቁት ናቸው።

የማንቀበለውም ነገር አለ። የሠርግና የሆቴል ትርፍ የበሰለ ምግብ አንወስድም። በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት ከ32 ዲግሪ እያለፈ በሚውልበት ቀን የበሰለ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ አደጋ ነው፤ እኛ ደግሞ ማቀዝቀዣ የለንም። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ብዙ ኩንታል ዱቄት በአንድ ጊዜ አመጣልን። ሁላችንም ደስ አለን። እኔ ጆንያውን ወግቼ በመዳፌ ላይ ሳወጣው ዱቄቱ ይንቀሳቀሳል፤ ነቀዝ ወሮታል። የሚፈልገው ደረሰኙን ነበር። ኮሚቴው ውስጥ «አበጥረን እንስጠው፤ ከምንም ይሻላል» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ እስከ ምሽት ተከራከርን። መልሰን ላክነው። በዚያ ወር መደርደሪያችን ሳስቶ ነበር፤ ሆኖም ትክክል የሠራን ይመስለኛል። ድሃ ሆድ የሌላ ሰው መጋዘን ማጽጃ መሆን የለበትም።

ከስሕተታችንም ተምረናል። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ብቻቸውን ለሚኖሩ አባት በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ኪሎ ባቄላ እንሰጣቸው ነበር። ለካስ ባቄላውን በግማሽ ዋጋ ይሸጡት ነበር። ሰው «አጭበርባሪ ናቸው» አለ። ቤታቸው ስሄድ ግን ከሰል የለም። ባቄላ ለመቀቀል ግማሽ ቀን እሳት ይፈልጋል፤ የአንድ ቀን ከሰል ደግሞ ከባቄላው ይበልጥ ይወደድባቸዋል። ጥርስም የላቸውም። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚሰጠው በሶ ሆነ። እሳት አይፈልግ፣ ጥርስ አይፈልግ፤ በውኃ ይበጠበጣል። ገብሱን የሚቆሉልንና የሚያስፈጩልን የሰንበቴ ማኅበር ሴቶች ናቸው። መስጠት ለሚፈልጉ አንባቢዎቻችሁ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ፣ ፓስታ አልልም፤ ገብስ እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። ያለፈውን ዓመት የዱቄት ቢን ካርድ ፊት ለፊቴ አድርጌ ነው የምጽፈው። በሚያዝያ መጨረሻ ከወለል እስከ መስኮቱ ድረስ 22 ኩንታል ነበር፤ አይጥ እንዳይገባበት ሌሊት እየተነሣሁ አየው ነበር። ሐምሌ 20 ላይ 40 ኪሎ ቀርቶናል። እህሉን ያለ ዕቅድ አላወጣነውም፤ ለእያንዳንዱ ቤት የሚወጣው በሚዛን ነው። ከሚያዝያ ወዲህ የገባው ነገር ስለሌለ ነው። በእነዚያ ወራት ከእድሩ ጣሳ በቀር አንድም ሰው በራችንን አላንኳኳም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰው ከመቼውም ይልቅ የሚፈልገን በዚያን ጊዜ ነው። በሐረርጌ ማሽላው የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የገጠሩ ጎተራ ይራቆታል። ያኔ ከገጠር ዘመድ ወደ ከተማ የሚላከው ቋጠሮ ይቀርና እንዲያውም ዘመዱ ራሱ ከተማ ይመጣል። እህል ገበያ ላይ ይወደዳል። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ እዚያ ምሳ ይበሉ የነበሩ ልጆች ቤት ይውላሉ፤ ለአንዲት እናት ይህ በቀን አንድ ተጨማሪ እንጀራ ለእያንዳንዱ ልጅ ማለት ነው። ዝናብ ሲጥል የቀን ሠራተኛ ሥራ አያገኝም። ከወሩ ውስጥ ደግሞ የከፋው ሦስተኛው ሳምንት ነው፤ የጡረታና የቤት ሠራተኛ ደመወዝ እስከ 15 ይደርሳል፤ ከ18 ጀምሮ በራችን ላይ ሰልፉ ይረዝማል። የበዓል ስጦታ ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም።

ሁለተኛዋ ልጄ በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ ትኖራለች። ስለ መጋዘናችን ስነግራት፣ የምግብ ባንክ የሚባለው ነገር የተጀመረው እርሷ በምትኖርበት ከተማ እንደሆነ አወጋችኝ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው፣ ልጆቿን ከመደብሮች በሚጣል ምግብ የምትመግብ አንዲት እናት አግኝቶ ነበር። ገንዘብ በባንክ እንደሚቀመጥ ምግብም የሚቀመጥበትና የሚወጣበት ቦታ ቢኖር ብላ ሐሳቡን የሰጠችው እርሷ ናት። የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን 3,000 ዶላርና አንድ አሮጌ ዳቦ ቤት ሰጠችው፤ በመጀመሪያው ዓመት 275,000 ፓውንድ ምግብ ሰበሰበ። እኔ ወዲያው ወደ ኩንታል ለወጥኩት፤ 1,247 ኩንታል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በቅን ልቦና ምግብ የሰጠ ሰው በሕግ እንዳይጠየቅ የሚከላከል ሕግ በአገሪቱ ወጣ። ይህን ስሰማ የከተማችን የከዚራ ሰፈር ዳቦ ጋጋሪዎች ትዝ አሉኝ። ማታ የተረፈውን ዳቦ እንዲሰጡን ስንጠይቃቸው አንዳንዶቹ «ሰው ቢታመም ማን ይጠየቃል?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን መስጠት ያለበት የሕግ አውጪ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከልጄ ወሬ ሁሉ ግን በአእምሮዬ የቀረው «ባንክ» የሚለው ቃል ነው። ባንክ በደኅና ቀን የተቀመጠ በክፉ ቀን የሚወጣበት ቦታ ነው። እኛ በበዓል አስገብተን በበዓል እያወጣን፣ በክፉው ቀን በሩን በባዶ መደርደሪያ ላይ እንከፍታለን።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ይህችው ከተማ ምን እንዳደረገች አስታውሳለሁ። ሳይነጋ የየእድሩ ብረት ድስት ወጣ። ማን ከየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ ማንም ሳያዝዝ ተቀቀለ፣ ተጋገረ። ዛሬ ከዱቄቱ አጠገብ ካሉት ድስቶች ሁለቱ በዚያች ጧት የወጡት ናቸው። ያም ሐምሌ ነበር። ጎርፉ ድምፅ ነበረው፤ ሁሉም ሰምቶ ነቃ። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ በየቤቱ የሚገባው ረኀብ ግን በሩን ዘግቶ ስለሚቀመጥ ጎረቤት እንኳ አይሰማውም።

ስለዚህ ለጋዜጣችሁ ሁለት ልመና አለኝ። የመጀመሪያው፣ የተቀባይን ፊትና ስም አታውጡ። የሰጪው ፎቶግራፍ ይውጣ፤ ደስ ካለው ከጆንያው ጋር ይነሣ። ሁለተኛው፣ በበዓል ማግሥት ለዚህ ዜና የምትሰጡትን ቦታ ግማሹን ለሰኔና ለሐምሌ አስቀምጡልን። ያኔ ፎቶግራፍ አንሺያችሁ ይምጣ፤ በሩን እኔው እከፍትለታለሁ፤ ባዶውን ርብራብ ያንሣ። ለእንቁጣጣሽ ልትሰጡ ያዘጋጃችሁ ድርጅቶችና ባለሀብቶችም፣ ከተቻለ፣ ከአምስቱ ጆንያ ሁለቱን ብቻ አሁን ስጡና ሦስቱን በየወሩ በ18ኛው ቀን አካባቢ አምጡልን። ደረሰኝ እጽፍላችኋለሁ።

እኚያ እናት ባለፈው ረቡዕ መጡ። ደጃፍ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አጮልቀው ከተመለከቱ በኋላ «ካሜራ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። ሦስት ኪሎ በሶ፣ ሁለት ኪሎ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ምስር መዝኜ ወጪ አደረግሁላቸው፤ እንደ ወትሮው በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ከነጠላቸው ሥር አንዱን ባዶ ጀሪካን ይዘው ነበር። የዘይት መደርደሪያው ባዶ ስለነበረ ጀሪካኑን እንደያዙ ተመለሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ንብረት ጠባቂ
ለገሃሬ፣ ድሬዳዋ